መጸውን በደባርቅ፦ ከሲራራ ነጋዴ እስከ ዘመኑ ተጓዥ

በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ የአውሮፓና የአሜሪካ የጉዞ መጽሔቶች የመጸው ከተሞቻቸውን መደርደር ይጀምራሉ። ኪዮቶ በቀላው የሜፕል ቅጠሏ፣ ሙኒክ በኦክቶበርፌስት፣ ኒው ዮርክ በሴንትራል ፓርክ፣ ክራኮው በአሮጌው አደባባይዋ ከዝርዝሩ አይጠፉም። ቁም ነገሩ ሁለት ሦስት ሌሊት አድሮ፣ ከተማውን በእግር ዞሮ፣ የአገሩን ምግብ ቀምሶ መመለስ ነው። የእነሱ የበጋ ሙቀትና ግፊያ አልፏል፤ በረዶው ገና አልገባም፤ የሆቴል ዋጋም ረገብ ብሏል።

ከእነዚህ ከተሞች ክራኮው ከእኛ ሰሜን ተራሮች ጋር የቆየ ግንኙነት አላት። ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1978) የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የክራኮው አሮጌ ከተማ፣ የኢኳዶሯ ኪቶ፣ የእኛው ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንድ ላይ ገቡ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሰሜን ተራሮችን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ሲያወጣም የተሰበሰበው ክራኮው ላይ ነበር። ክራኮው ዛሬ በመጸው እንግዳ የሚጎርፍባት ከተማ ናት። የፓርኩ በር የሆነችው ደባርቅ ግን ለብዙ የውጭ አገር ሰው ትኬት የሚቆረጥባት፣ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በመኪና መስኮት የምትታለፍ ከተማ ሆና ቀርታለች።

ክራኮውና ደባርቅ ይወዳደሩ ለማለት አይደለም፤ አንዷ የነገሥታት መቀመጫ የነበረች ትልቅ ከተማ ናት፣ ሌላዋ የደጋ ገበያ። ግን ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሁለት ሌሊት ሌላ ቦታ የሚያድርበት ምክንያት ሁሉም አገር ላይ አንድ ነው። ጥሩ አየር፣ የሚታይ ነገር፣ የሚያነጋግር ሰው ይፈልጋል። በጥቅምት ወር እነዚህ ሦስቱ ደባርቅ ላይ ሞልተዋል። ታዲያ ከተማዋ እንግዳዋን ለምን ማሳደር አልቻለችም? መልሱን ከየዘመኑ ታሪክ ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

አስቀድሞ ስለ ወቅቱ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል፤ የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው። እንቁጣጣሽና መስቀል በዚህ ስሌት ገና ክረምት ውስጥ ናቸው፤ ሰሜን ተራሮችን የሚያውቅ ሰው ይህን ስሌት አይቃወምም። በመስከረም መባቻ ደባርቅ አጠገብ ባለው የሊማሊሞ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ያለውን ገደል ላያየው ይችላል፤ ጉሙ ከቆላው እየተግተለተለ ወጥቶ መንገዱን ይሸፍነዋል። በወሩ ማለቂያ ላይ ጉሙ ይገፈፍና ከገደሉ በታች አምባ በአምባ ላይ የተደረደረው ቆላ እስከ ተከዜ አቅጣጫ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ጥርና የካቲት ሲመጣ ደግሞ አቧራና የእርሻ ጭስ አድማሱን ያደበዝዙታል። እንግዲህ ጥርት ያለ አየርና አረንጓዴ መሬት አብረው የሚገኙት በጥቅምትና በኅዳር ነው። የጅንባር ፏፏቴም በደንብ ሞልቶ የሚወርደው ከዝናቡ ማግስት ባሉት ሳምንታት ነው፤ በየካቲት የሄደ ሰው ቀጭን ክር አይቶ ይመለሳል።

ጭላዳ ዝንጀሮውም ቢሆን በመጸው ሌላ ነው። በፓርኩ ውስጥ ካለው የሳንቃበር ካምፕ ወዲህ ባለው ሣር ላይ በመቶ የሚቆጠር መንጋ ተቀምጦ ሲግጥ ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል። ጭላዳ እንደ ፍየል በአፉ አይነጭም። በቂጡ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣሩን አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ጭብጡ ሲሞላ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ሳይነሳ በተቀመጠበት ሸርተት ብሎ ወደሚቀጥለው ሣር ያልፋል። ጎን ለጎን የተቀመጡት እናቶች እያጉረመረሙ ያወራሉ፤ ግልገሎቹ በጀርባቸው ይንጠላጠላሉ። ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ ያለው ወንዱ ጎፈሩን ነፋስ ሲያወዛውዘው ዳር ላይ ሆኖ ይጠብቃል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ግን ይኸው መንጋ ቀኑን ሙሉ መሬት እየጫረ ሥር ሲያወጣ ይውላል። ዋልያም ብዙውን ጊዜ የምትወልደው በመስከረምና በጥቅምት ገደማ ስለሆነ ገደሉ አፋፍ ላይ ግልገል የሚታየው ያኔ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በወገራ ሜዳ ገብሱ እየገረጣ፣ ባቄላው እሸት እየሆነ፣ አደይ አበባው የእርሻውን ድንበር ይዞ ይቆያል። ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም። ጥቅምትን በአንድ አጥንት የሚል ሕዝብ ለምን እንዲህ እንዳለ ደባርቅ ላይ አንድ ሌሊት ያደረ ሁሉ ይገባዋል።

ወቅቱ ለመንገደኛ የተመቸ መሆኑን ቱሪስት ከመምጣቱ በፊት የነበሩ ሰዎችም ያውቁ ነበር። ከምጽዋ በዓድዋ በኩል ወደ ጎንደር የሚሄደው የሲራራ መንገድ ተከዜን ተሻግሮ ሊማሊሞን ይወጣል። ተከዜ በክረምት ስለሚሞላ ነጋዴው መስቀል አልፎ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ዳገቱን የጨረሰ በቅሎና አህያውን አሳርፎ ደባርቅ ላይ ያድራል፤ በማግስቱ በዳባትና በወገራ ሜዳ አድርጎ ወደ ጎንደር ይገሰግሳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው በዚሁ መንገድ ነበር። ከእርሱ 60 ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ግን ሰሜንን እንደ መተላለፊያ ብቻ አላየውም፤ እዚያው ሰንብቶ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስተዋወቀ እርሱ ነው። ከዚያ ሁሉ መንገደኛ መካከል አገሩን በቅጡ ያየው የሰነበተው ሰው ነበር።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ሊማሊሞ ላይ የመኪና መንገድ ተቆረጠ። ያ ጠመዝማዛ መንገድ ዛሬም የሚያየውን ሁሉ ያስደምማል። ከደባርቅ አቅራቢያ አፋፉን ይዞ የመሸገው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ከቆየ በኋላ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ጎንደር ደግሞ በኅዳር ወደቀች። መኪና መሄድ ሲጀምር የደባርቅ ሚና ተቀየረ። በቅሎ ማሳረፍ ቀርቶ ሞተር ማቀዝቀዝ፣ ሻይ መጠጣት፣ ጎማ ማስጠገን መጣ። እንግዳው ግን ያው አላፊ ነበር።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአዋጅ የተቋቋመው በጥቅምት 1962 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የፓርኩ ዋርደን ክላይቭ ኒኮል ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ በ1960ዎቹ ማለቂያ ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በዚሁ ኃላፊነት ላይ ተቀምጦ የአፈሩን መከላት አጥንቷል። በዚያ ዘመን የሚመጣው እንግዳ ጥቂት ነበር። ተመራማሪ፣ ኤምባሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ በቅሎ ጭኖ ሳምንት ሁለት ሳምንት ተራራ ላይ የሚከርም ደፋር መንገደኛ ይመጣ ነበር። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው ኢትዮጵያን ለዓለም ሲያስተዋውቁ የጉዞው ዋና መስመር ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም ሆነ። በአውሮፕላን የሚሄደው ጎብኚ ጎንደር ላይ ግንቡን አይቶ ይመለሳል። ደባርቅ ከዚያ መስመር 100 ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ስለምትገኝ ጥርጊያው መንገድ ብቻ ግማሽ ቀን ይወስድ ነበር።

ቅርሱ በዓለም መዝገብ የሰፈረበት ጊዜ ራሱ አሳዛኝ ነበር። በ1970 ዓ.ም. አካባቢው የጦርነት ቀጣና ሆኖ ነበር፤ ፓርኩ በደርግ ዘመን ብዙ ዓመታት ጎብኚም ጠባቂም ሳይደርስበት ቆየ። ዓለም ስሙን ባወቀበት ዓመት ዓለም ሊያየው አልቻለም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሲከፈት ካምፖቹ ፈርሰው፣ እርሻው ወደ ላይ ወጥቶ፣ ዋልያው አንሶ ተገኘ። በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር መደበው። የከብት ግጦሽ፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድና የዋልያው መመናመን ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ነበሩ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ነው። ቢቢሲ «ፕላኔት ኧርዝ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያሳይ የሰሜን ጭላዳዎች በየአገሩ ሳሎን ገቡ። ቡይት ራስ አጠገብ ሎጅ ተሠራ፤ ቆይቶም ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሌላ ሎጅ ተከፈተ። ከጎንደር ደባርቅ ያለው መንገድ አስፋልት ለብሶ ጉዞው ሁለት ሰዓት ገደማ ሆነ። አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ በቅሎ ጫኙና ወጥ ቤቱ በየማኅበራቸው ተደራጅተው በተራ መሥራት ጀመሩ። ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ ባይወራለትም በአገራችን ጉብኝት ውስጥ ከተሠሩት መልካም ነገሮች አንዱ ነው። ጠመንጃውን አንግቶ ከእንግዳው ጋር ሳንቃበርን፣ ግጭንና ጨነቅን የሚያዳርሰው ስካውት የአካባቢው ገበሬ ነው፤ በተራው ያገኘው ገንዘብ የልጁን ደብተር ይገዛል። በዚያ ዘመን ከመስከረም ማለቂያ እስከ ኅዳር ደባርቅ ላይ የሆቴል አልጋ ማግኘት የሚያስቸግርባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን አካሄድ ለከተማዋ ያተረፈው የሚገባትን ያህል አልነበረም። እንግዳው ጠዋት ከጎንደር ይመጣል፤ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትኬቱን ይቆርጣል፤ አስጎብኚና ስካውት ይዞ በዚያው ሰዓት ወደ ተራራው ይወጣል። ምግቡ ከጎንደር ተገዝቶ ተጭኗል። ሲመለስ ደግሞ ድካሙን ጎንደር ላይ ሊያራግፍ ይቸኩላል። ከተማው ውስጥ ያለው ቡና፣ የደጋው ጠላ፣ የገብሱ ቆሎና በሶ፣ በየመንገዱ ዳር እረኞች የሚሸጡት የሱፍ ኮፍያ የአንድ ሰዓት ቆይታ ነበሩ። ይህ የአስጎብኚ ድርጅቶቹ ጥፋት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ከተማዋም እንግዳ የሚውልበትን ነገር አላዘጋጀችም። ሙዚየም የለም፤ የሲራራውን ታሪክ የሚነግር ቦታ የለም፤ ስለ ደረስጌ ማርያም፣ ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ስለነገሠበት ስለዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ለመንገደኛ የሚናገር አንድ ሰሌዳ እንኳ ማየት ይከብዳል።

በ2008 ዓ.ም. ደባርቅን በቀጥታ የለወጠ ነገር ተደረገ። በፓርኩ መካከል በግጭ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ከቀያቸው ተነስተው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። ውጤቱ ለተራራው ጥሩ ነበር፤ የጓሳ ሣሩ አገገመ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። በከተማው በኩል ግን ሌላ ገጽታ አለው። ገብስ ሲዘራ፣ በግ ሲያረባ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ከተሜ ሆነ። እንግዳው ግጭ ሜዳ ላይ ቆሞ ጅብራውን ሲያደንቅ የሜዳው ባለቤቶች ከታች ደባርቅ ውስጥ አዲስ ኑሮ ለመልመድ ይታገሉ ነበር። በእኔ እምነት የሰሜን ተራሮች ጎብኚ ከሁሉ በፊት ለእነዚህ ሰዎች ባለዕዳ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍልበት ቀላል መንገድ ደግሞ ገንዘቡን ደባርቅ ላይ ማውጣት ነው።

በዚያው ሰሞን ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነች፤ ዩኒቨርሲቲዋም በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀመረ። በመምህራንና በተማሪዎች ምክንያት ካፌው በዛ፤ ባጃጁ ተርመሰመሰ፤ ሌሊት ዘግይቶ የሚዘጋ ምግብ ቤት መጣ። እስከዚያ ድረስ የከተማዋ ኢኮኖሚ በገበያ ቀንና በፈረንጅ ላይ የቆመ ነበር።

የአገር ውስጥ ተጓዥም የተወለደው በእነዚሁ ዓመታት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሁድን በእግር ጉዞ የሚያሳልፉ ወጣቶች ቡድን እየመሠረቱ እንጦጦን፣ መናገሻንና ወንጪን ማዳረስ ያዙ። ትንሽ የደፈሩት ሰሜን ተራሮችን አሰቡ። ለዚህ ጉዞ የሚመርጡት ጊዜ ግን በአብዛኛው ጥር ነበር፤ የጎንደር ጥምቀትን አክብረው በማግስቱ በአንድ ቀን ሳንቃበርን ደርሰው ይመለሳሉ። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በዩኔስኮ ሲመዘገብ ይህ ልማድ ይበልጥ ጸና። ጥምቀትን ጎንደር ላይ ማክበር ምን ያህል ደስታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ተራራውን ለማየት የተመረጠው ወቅት ትክክል አይመስለኝም። በጥር ሣሩ ደርቋል፤ አድማሱ ደብዝዟል፤ ጎንደር ላይም አልጋ የለም። የደረቀው ወቅት አደጋም አለው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የጓሳ ሣሩንና የአስታ ቁጥቋጦውን የበላው ቃጠሎ ከእስራኤልና ከኬንያ እርዳታ እስከመጠየቅ አድርሶ ነበር።

ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ያሉትን ዓመታት ስንመለከት አንድ የሚያም ነገር ጎልቶ ይወጣል። አካባቢውን የመቱት ዱላዎች አንድ በአንድ ሲቆጠሩ አብዛኞቹ ያረፉት በመጸው ደጃፍ ላይ ነው። የ2008 ክረምት ተቃውሞ ጎንደርን ካናወጠ በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የወጣው በመስከረም 2009 ነበር፤ የዚያ ዓመት እንግዳ ጉዞውን ሰረዘ። 2011 እና የ2012 መጀመሪያ መልካም ነበሩ። ኮሮና በመጋቢት 2012 መጣ። በመስከረም 2013 መንገዱ ሊከፈት ነው ሲባል፣ ጥቅምት 24 ሌሊት በትግራይ ጦርነት ተጀመረ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ራሱ ወደ ሰሜን ጎንደር ገባ። ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅን ሞላት፤ ትምህርት ቤቶቿና ግቢዎቿ መጠለያ ሆኑ። በነሐሴ መጨረሻ ዳባት ወረዳ ውስጥ ጭና ተክለሃይማኖት ላይ ብዙ ንጹሐን ተገደሉ። በዚያ መጸው አደይ አበባው የፈካው በአዲስ መቃብር ዙሪያ ነበር። ስለዚህ አገር ውበት የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ አይገባውም።

ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ሲፈረም ተስፋ ታየ። አስጎብኚዎች ድንኳናቸውን አራገፉ፤ በቅሎ ጫኞች ኮርቻቸውን ጠገኑ። አንድ ወቅት ያህል ጥቂት እንግዶች መጡ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አሁንም ልክ ከወቅቱ በፊት። የውጭ አገር መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይሄዱ ማስጠንቀቂያ አወጡ፤ የጉዞ መድን አልሸፍንም አለ፤ መንገዱም አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ከረመ። ጉዳቱ የደረሰው በሰው ላይ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ገደማ ወደ 900 ተጠግቶ የነበረው የዋልያ ቁጥር በ2016 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 300 ገደማ አሽቆልቁሎ ተገኘ። ጠባቂና ጎብኚ ሲጠፋ አዳኝ ይገባል፤ እንግዳ መኖሩ በራሱ ጥበቃ እንደነበር የታወቀው ሲቀር ነው።

እስኪ እነዚህን ዓመታት ከሌላው ዓለም ጋር እናስተያያቸው። ኪዮቶ ዛሬ የሚያስጨንቃት የእንግዳ ብዛት ነው፤ በመጸው ነዋሪው ወደ ሥራው የሚሄድበትን አውቶቡስ ጎብኚ ሞልቶት ይቸገራል። የደባርቅ ጭንቀት የዚህ ተቃራኒ ነው። በአንድ ዓይነት እንግዳ፣ ማለትም በውጭ አገር ጎብኚ ላይ ብቻ የተመሠረተ ገበያ ኤምባሲዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ባወጡ ቁጥር ይዘጋል። ክራኮውን ክረምት ከበጋ ያቆማት በባቡር ሁለት ሦስት ሰዓት ተጉዞ ለቅዳሜና እሁድ የሚመጣው የራሷ የፖላንድ ሰው ጭምር ነው። ደባርቅ ያጣችው ይህን ነው፦ የጎንደሩን፣ የባሕር ዳሩን፣ የአዲስ አበባውን ሰው። እርሱ ከኤምባሲ ማስጠንቀቂያ ይልቅ ዘመዱን ደውሎ ይጠይቃል፤ ሰላም ነው ሲባል ይመጣል።

ጊዜው ለዚህ ተጓዥ የሚያመች ምክንያትም ፈጥሯል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ለሦስት ቀን ዱባይ ወይም ኢስታንቡል ደርሶ መምጣት ለመካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ የማይታሰብ እየሆነ ነው። በአንጻሩ በአገር ውስጥ ብዙ ተሠርቷል። ጎርጎራ ጣና ዳር መዝናኛ ተገንብቷል፤ የጎንደር ግንቦች ሰፊ እድሳት ተደርጎላቸዋል፤ ወንጪ ለአዲስ አበባ ሰው የአንድ ቀን መንገድ ሆኗል። ጎንደር ድረስ የመጣ ሰው 100 ኪሎ ሜትር መጨመር አይከብደውም። ሆኖም ሰው የሚሄደው የተነገረለት ቦታ ነው፤ ደባርቅ እስካሁን የሚነገርላት ስለ ተራራው ብቻ ነው።

ሁለት ሌሊት ደባርቅ ላይ ማደር ምን ይመስላል? ጎንደር አዘዞ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ወለቃን አልፎ ኮሶዬ ላይ መኪናውን ያቁም፤ ገደሉ የሚጀምረው እዚያ ነው፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል። ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ገደብዬ፣ ዳባት። በጥቅምት የወገራ ሜዳ ዓይን እስከሚደርስ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ነው። ዳባት ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ የውጭ አገር ጎብኚ የጉዞ መጽሐፍ በአንድ መስመር የሚያልፋት ከተማ ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግን ዳባት በጤናው ዘርፍ የታወቀችበትን ሥራ እዚህ ይሠራል፤ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የወረዳውን ቤተሰቦች ልደትና ሞት በየጊዜው እየመዘገበ የሚያጠና ማዕከል አለው። በአገሪቱ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና ከምናውቀው ውስጥ ቀላል የማይባለው የተገኘው ከእነዚህ የገበሬ ደጆች ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዳባት አለምዋጭ ላይ የሰፈሩ ኤርትራውያን ስደተኞችን ተቀብላለች። ራሷ ጦርነት የገባባት ወረዳ ለሌላው ቦታ ሰጥታለች። ዳባት ላይ ወርዶ ምሳ መብላት፣ እሸት መግዛት፣ ሰውን ሰላም ማለት ለዚህች ከተማ ትንሹ ክብር ነው። ወቅንን አልፎ ከመምሸቱ በፊት ደባርቅ ይገባል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ ላይ ማደር ለጤናም ይበጃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር ያልፋል። ከአዲስ አበባ ቢመጣም እንኳ በአንድ ቀን ወጥቶ እዚያ የሚያድር ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊገጥመው ይችላል፤ ከባሕር ዳር ወይም ከቆላ የመጣው ይብስበታል። ከተማው ውስጥ አንድ ቀን የዋለ፣ ገበያውን የዞረ፣ ማታ በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ የተቀመጠ ሰው በማግስቱ ወደ ሳንቃበር ሲወጣ ሰውነቱ ተላምዷል። ያ ማግስት ለጭላዳውና ለጅንባር ፏፏቴ በቂ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሁለተኛው አዳር መመለስ ይቻላል። የቧሒትን ወይም የራስ ደጀንን ጫፍ የሚፈልግ ሌላ ጉዞ ያዘጋጅ፤ የአጭር ጊዜ እንግዳ ከአቅሙ በላይ አይሩጥ። በመጨረሻው ቀን ማለዳ ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ ሄዶ ፀሐይ ቆላውን ስትገልጠው ማየት፣ ከዚያ ቁርስ በልቶ ወደ ጎንደር።

ከተማዋ የቤት ሥራ አለባት። ለእንግዳ የሚሆን ንጹሕ አልጋና የሞቀ ውኃ፣ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር፣ በአማርኛ የሚያስጎበኝ ሰው ያስፈልጋታል። አስጎብኚዎቿ እንግሊዝኛ ተምረው ስለ ጭላዳ አመጋገብ ለፈረንጅ በደንብ ያስረዳሉ፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ስለ ደረስጌ፣ ስለ ሲራራ ንግድ፣ ስለ ግጭ ሰዎች የሚናገሩት ቢኖራቸው ወቅቱ በሁለት እግሩ ይቆማል። ዩኒቨርሲቲው እዚህ ላይ ሊረዳ ይችላል፤ የታሪክና የቱሪዝም ተማሪ ከደጁ የሚገኘውን አገር አጥንቶ ቢጽፍ የመጀመሪያው አንባቢ ተጓዡ ይሆናል።

የሰላሙ ነገር ከሁሉ ይቀድማል። ማንም ሰው መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ቀን እንዲሄድ አልመክርም። ከመነሳት በፊት ጎንደርም ደባርቅም ላለ ሰው ደውሎ መጠየቅ፣ በቀን ብቻ መጓዝ፣ ዕቅዱን መቀየር ካስፈለገ ያለ ቅሬታ መቀየር ግድ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን እስከ ጥር አትጠብቁ። በጥቅምት ሂዱ፤ ወፍራም ጋቢ ያዙ፤ ምሳችሁን ዳባት ብሉ፤ ሁለቱንም ሌሊት ደባርቅ እደሩ፤ አስጎብኚውንና ስካውቱን ከማኅበራቸው በተራው ያዙ፤ ሒሳባችሁንም እዚያው ከተማ ውስጥ ክፈሉ።